ላቴክስ ተጭኖ «ትእዛዙ አልተገኘም» ሲላችሁ፦ ፓዝንና የፍለጋ መስመሮችን ደረጃ በደረጃ ማስተካከል

ቴክስ ላይቭን (ሰነድ ማዘጋጃው ላቴክስ ከነመሣሪያዎቹ የሚመጣበትን ጥቅል) ማውረድ ጊዜ ይፈጃል። በመጨረሻ ግን ያለ ምንም ስህተት ይጫናል። ከዚያ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ትከፍታላችሁ፣ ፒዲኤፍላቴክስ ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ኮምፒውተሩም «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» ብሎ ድርቅ ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሁሉንም አጥፍቶ እንደገና ይጭናል። ውጤቱ ያው ነው። ሶፍትዌሩ ዲስኩ ላይ አለ፤ ኮምፒውተሩ ግን እዚያ ሄዶ እንዲፈልግ አልተነገረውም። የሚነገረው ፓዝ በሚባል የፎልደር አድራሻዎች ዝርዝር ነው።

ሌላው የተለመደ ጣጣ ደግሞ ይሄ ነው። ሰዎች የስታይል ፋይል (የሰነዱን መልክ ወይም ተጨማሪ ትእዛዞችን የያዘ ፋይል) ያወርዱና ያስቀመጡበትን ፎልደር ፓዝ ውስጥ ይጨምራሉ። ላቴክስ ግን አሁንም አላየሁትም ይላል። አያየውም። ፓዝን የሚያነበው ተርሚናሉ ነው፤ ላቴክስ የስታይል ፋይል ሲፈልግ የራሱ ሌላ የፍለጋ መስመር አለው። ሁለቱን ለይታችሁ ከያዛችሁ ከታች ያለው ሁሉ ይቀላል።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ትእዛዞቹን እዚህ በድምፃቸው በግዕዝ ፊደል ጽፌአቸዋለሁ። ስትተይቡ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። የቫሪያብል፣ ማለትም ፕሮግራሞች የሚያነቡት በስም የተቀመጠ እሴት፣ ስሞች (ፓዝ፣ ሆም፣ ቴክስኢንፑትስ፣ ቴክስኤምኤፍሆም እና መሰሎቻቸው) በሙሉ በትልቅ ፊደል ይጻፋሉ። የቀረው በሙሉ በትንሽ ፊደል ነው፤ ልዩ ከሆነ እነግራችኋለሁ። እንደ ዩኤስአር ያሉት በየፊደላቸው የሚጠሩ ናቸው። ቴክስላይቭ የፎልደር ስም ሲሆን አንድ ላይ፣ ያለ ክፍት ቦታ ይጻፋል።

ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ። የአማርኛው «፡» እና የእንግሊዝኛው «:» በዓይን አንድ ይመስላሉ። ለኮምፒውተሩ ግን ፍጹም የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። «፤» እና «;» ላይም ያው ነው። አንዷ ሾልካ ከገባች መስመሩ በሙሉ ይበላሻል፤ አፍጥጣችሁ ብታዩም አታገኟትም።

ትእዛዝ ከወርድ ፋይል ኮፒ አታድርጉ። ወርድ ቀጥ ያለውን የጥቅስ ምልክት ወደ ተጠማዘዘ ይቀይረዋል። ተርሚናል ደግሞ የሚያውቀው ቀጥ ያለውን ብቻ ነው።

የምትነኩትን ፋይል ቅጂ ያዙ። በሊኑክስ፦

ሲፒ ~/.ፕሮፋይል ~/.ፕሮፋይል.ባክ

ዊንዶውስ ላይ ደግሞ የአሁኑን የፓዝ ይዘት ኮፒ አድርጋችሁ ኖትፓድ ላይ አስቀምጡት። ይህን ያልኩት ለወግ አይደለም። ፓዝ ሲበላሽ የሚበላሸው ላቴክስ ብቻ ሳይሆን ተርሚናል ላይ የምትጠሩት ሁሉ ነው።

የምትጠቀሙበትን ሼል (ተርሚናል ውስጥ ትእዛዞቻችሁን የሚቀበለውን ፕሮግራም) እወቁ። ሊኑክስ ወይም ማክ ላይ ይህን ጻፉ፦

ኤኮ $ሼል

ሼል በትልቅ ፊደል ነው። መልሱ በባሽ ካለቀ ባሽ ነው፤ በዜድኤስኤች ካለቀ ሌላኛው ነው። ማክ ከ2019ኙ ካታሊና ጀምሮ ለአዲስ ተጠቃሚ የሚሰጠው ዜድኤስኤች ነው። ይህን ሳያዩ የባሽን ፋይል ሲያርሙ የሚውሉ ሞልተዋል።

## ደረጃ 1፦ ስህተቱ የማን እንደሆነ ለዩ

መልእክቱን አንብቡ። ሁለት ዓይነት ነው።

«ኮማንድ ኖት ፋውንድ» ወይም ዊንዶውስ ላይ «ኢዝ ኖት ሬኮግናይዝድ» ካላችሁ የሚናገረው ተርሚናሉ ነው። ላቴክስ ገና አልተነሳም። ችግሩ ፓዝ ላይ ነው፤ ከደረጃ 2 እስከ 5 ሥሩ።

ላቴክስ ተነስቶ ብዙ ጽሑፍ ካወረደ በኋላ «ፋይል እንዲህ ኖት ፋውንድ» ካላችሁ ፓዝ ደህና ነው። አትንኩት። ቀጥታ ወደ ደረጃ 6 እለፉ።

## ደረጃ 2፦ የቀረ አሮጌ ነገር ካለ አጥሩ

መጀመሪያ ከቴክስ ጋር የተያያዙ ቫሪያብሎች ካሉ እዩ። ሊኑክስና ማክ ላይ፦

ኢኤንቪ | ግሬፕ -አይ ቴክስ

በዊንዶውስ ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት (ሲኤምዲ) ላይ፦

ሴት ቴክስ

ባዶ ከወጣ ጥሩ ነው። ቴክስ ላይቭ እንዲሠራ ከፓዝ በቀር ምንም ቫሪያብል አይፈልግም። ቴክስኢንፑትስ ወይም ቴክስኤምኤፍሲኤንኤፍ የሚል ካያችሁ ግን ከድሮ ተከላ ወይም ከሆነ ቦታ ከተቀዳ መመሪያ የቀረ ነው። በተለይ ቴክስኤምኤፍሲኤንኤፍ አደገኛ ነው፤ አዲሱን ፕሮግራም የድሮውን ማዋቀሪያ እንዲያነብ ያደርገዋል። የተጻፈበትን ፋይል ፈልጋችሁ መስመሩን ሰርዙ።

ቀጥሎ ሌላ ላቴክስ እንዳለ አጣሩ። በባሽም በዜድኤስኤችም፦

ታይፕ -ኤ ፒዲኤፍላቴክስ

ዊንዶውስ ላይ ዌር ፒዲኤፍላቴክስ ነው። ፓወርሼል ከሆነ የምትጠቀሙት ዌር.ኢኤክስኢ ብላችሁ ሙሉውን ጻፉ፤ ፓወርሼል ውስጥ ዌር ብቻውን ሌላ ትእዛዝ ስለሆነ ዝም ብሎ ይመለሳል።

/ዩኤስአር/ቢን/ ውስጥ አንድ ካገኘ ከሊኑክሳችሁ የፓኬጅ ማከማቻ የተጫነ ነው ማለት ነው። ሁለቱ አብረው መኖር ይችላሉ። የትኛው እንደሚነሳ የሚወስነው ፓዝ ላይ የተቀመጡበት ቅደም ተከተል ነው፤ ቀድሞ የተገኘው ያሸንፋል። ዊንዶውስ ላይ ሚክቴክ (ሌላ የላቴክስ ጥቅል) ካለ ግን እኔ አንዱን አጥፉ ነው የምለው። ሁለቱ አንድ ማሽን ላይ ሲኖሩ ኤዲተሩ አንዱን፣ ተርሚናሉ ሌላውን እየጠራ ራስ ምታት ይሆናሉ።

## ደረጃ 3፦ ስትጭኑ የምትወስኑት

ሙሉውን የምትጭኑ ከሆነ 10 ጊጋባይት ያህል ባዶ ቦታ ይኑራችሁ።

1. ቦታውን ምረጡ። ዝም ካላችሁት ሊኑክስ ላይ /ዩኤስአር/ሎካል/ቴክስላይቭ/2025 ውስጥ ይገባል። ዊንዶውስ ላይ ሲ:\ቴክስላይቭ\2025 ነው። ቁጥሩ የእትሙ ዓመት ነው፤ የእናንተ ሌላ ከሆነ በዚያ ተኩት። ቦታውን ከቀየራችሁ በስሙ ውስጥ ክፍት ቦታም የግዕዝ ፊደልም አታስገቡ። አንዳንዱ መሣሪያ ይታገሰዋል፣ አንዳንዱ አይታገሰውም፤ የትኛው እንደማይታገሰው የምታውቁት ሥራ በበዛባችሁ ቀን ነው።

2. የባለቤትነቱን ጉዳይ አሁን ጨርሱ። ማሽኑን ብቻችሁን የምትጠቀሙ ከሆነ ፎልደሩን ቀድማችሁ ፍጠሩና የራሳችሁ አድርጉት፦

ሱዶ ኤምኬዲር /ዩኤስአር/ሎካል/ቴክስላይቭ
ሱዶ ሲኤችኦውን $ዩዘር /ዩኤስአር/ሎካል/ቴክስላይቭ

ዩዘር በትልቅ ፊደል ነው። ሱዶ ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬድ ነው። ከዚህ በኋላ መጫኛውን ያለ ሱዶ አስነሱት። በኋላ ፓኬጅ ስትጨምሩና ስታድሱም ሱዶ አያስፈልግም። ደረጃ 5 ላይ የምታዩት አንድ ትልቅ ጣጣ በዚህ ብቻ ይቀራል።

3. መጫኛውን አስነሱ። የወረደውን ጥቅል ፈትታችሁ ፎልደሩ ውስጥ ግቡና ይህን ጻፉ፦

ፐርል ./ኢንስቶል-ቲኤል

ዲ የፎልደሮቹን ቦታ ይቀይራል፣ ኦ ምርጫዎችን ይከፍታል፣ አይ መጫን ይጀምራል። ምርጫዎቹ ውስጥ በመደበኛ ፎልደሮች ውስጥ ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ) ልፍጠር የሚል አለ። እሱን ከመረጣችሁ ፓዝ መንካት ላያስፈልግ ይችላል። እኔ አልመርጠውም። ዓመቱ ሲቀየር የድሮዎቹ ሲምሊንኮች ይቀሩና ከአዲሱ ጋር ይምታታሉ።

ኢንተርኔት መሃል ላይ ከተቋረጠ አትደናገጡ፣ የተጫነውንም አታጥፉ። ያንኑ ትእዛዝ ድገሙት። ያለፈው ሙከራ እንዳላለቀ አይቶ በዚያው ምርጫ ልቀጥል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ዋይ በሉት።

4. የመጨረሻውን መልእክት ቅዱት። ሲያልቅ ሦስት መስመር ያህል ይሰጣችኋል። ማንፓዝና ኢንፎፓዝ የሚባሉት ለመረጃ ገጾች ናቸው፤ ብትተዋቸውም ላቴክስ ይሠራል። ዋናው በቢን ውስጥ ያለውን አድራሻ ፓዝ ላይ ጨምሩ የሚለው ነው። እሱን እንዳለ ኮፒ አድርጉ።

መልእክቱ ካመለጣችሁ ይህን ጻፉ፦

ኤልኤስ /ዩኤስአር/ሎካል/ቴክስላይቭ/2025/ቢን

የሚወጣው የፎልደር ስም ነው የሚያስፈልጋችሁ። በተለመደው ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ማሽን ኤክስ86_64-ሊኑክስ ይሆናል፤ አርም ፕሮሰሰር ላይ ኤኤአርች64-ሊኑክስ። ከጭንቅላታችሁ አትጻፉት።

## ደረጃ 4፦ ፓዝ ላይ መጨመር

### ሊኑክስ

1. በመነሻ ፎልደራችሁ ያለውን .ፕሮፋይል ክፈቱ፦

ናኖ ~/.ፕሮፋይል

.ባሽአርሲ ላይ ጻፉ የሚሉ መመሪያዎች ብዙ ናቸው። ይሠራል፤ ግን ለተርሚናል ብቻ። ቴክስስቱዲዮን ወይም ሌላ ኤዲተር ከሜኑ በማውዝ ስትከፍቱ .ባሽአርሲን አያነብም። ተርሚናል ላይ ይሠራል፣ ኤዲተር ላይ አይሠራም የሚለው ቅሬታ በአብዛኛው ከዚህ ነው የሚመጣው። አንድ ነገር ብቻ አጣሩ፦ .ባሽ_ፕሮፋይል የሚባል ፋይል ካላችሁ ባሽ .ፕሮፋይልን ትቶ እሱን ያነባል። ካለ እዚያ ጻፉ። ሼላችሁ ዜድኤስኤች ከሆነ ደግሞ .ዜድፕሮፋይል ላይ ጻፉ።

2. በመጨረሻው ላይ ይህን መስመር ጨምሩ፦

ኤክስፖርት ፓዝ="/ዩኤስአር/ሎካል/ቴክስላይቭ/2025/ቢን/ኤክስ86_64-ሊኑክስ:$ፓዝ"

እያንዳንዷ ምልክት ሥራ አላት፦

- ከ«=» በፊትም በኋላም ክፍት ቦታ የለም።
- የጥቅስ ምልክቱ ድርብ ነው። ነጠላ ካደረጋችሁት $ፓዝ የሚለው አይተካም፤ እንደ ተራ ጽሑፍ ይቀራል።
- አዲሱ አድራሻ ከ$ፓዝ በፊት ነው። በኋላ ካደረጋችሁት /ዩኤስአር/ቢን ያለው አሮጌው ያሸንፋል።
- መጨረሻ ላይ ያለችው :$ፓዝ የነበረውን ይዛ የምትቀጥለው ናት። አትርሷት።
- በጥቅስ ውስጥ ~ አትጠቀሙ፤ ሼሉ አይፈታውም። መነሻ ፎልደራችሁ ውስጥ ከጫናችሁ $ሆም በሉ።

3. አስቀምጡና ከመለያችሁ ወጥታችሁ እንደገና ግቡ። ተርሚናሉን ዘግቶ መክፈት ለ.ፕሮፋይል አይበቃም። ቶሎ መሞከር ከፈለጋችሁ ለዚያ መስኮት ብቻ ሶርስ ~/.ፕሮፋይል በሉ።

ኤልኤስ እንኳ አልተገኘም ካላችሁ :$ፓዝ ረስታችኋል። አሁን የነበረው ፓዝ በሙሉ ጠፍቷል። ተርሚናሉ ላይ ይህን ጻፉ፦

ኤክስፖርት ፓዝ=/ዩኤስአር/ቢን:/ቢን

ለጊዜው ሁሉም ይመለሳል። በዚሁ መስኮት ፋይሉን ክፈቱና አርሙ። ካስፈራችሁ መጀመሪያ ላይ የያዛችሁትን ቅጂ መልሱ።

### ማክ

ማክቴክስ የሚባለውን ጥቅል ከጫናችሁ ፓዙን ራሱ ያስተካክላል። አድራሻው /ላይብረሪ/ቴክስ/ቴክስቢን ነው (ኤሉ፣ እንዲሁም በመሃለኛው ቴክስ ቲውና ኤክሱ በትልቅ)። ይህ አድራሻ የዓመት ቁጥር የለውም። የት እንዳለ የሚጠቁም ሊንክ ነው፣ በየዓመቱ ማረም የለባችሁም።

ተርሚናሉን በሙሉ ዘግታችሁ ክፈቱ። አሁንም አልተገኘም ካለ .ዜድኤስኤችአርሲን ክፈቱና ፓዝ= የሚል መስመር ፈልጉ። ድሮ ሌላ ፕሮግራም ስትጭኑ ያለ $ፓዝ የተጻፈ መስመር ካለ ሲስተሙ ያዘጋጀውን ይደመስሳል። መጨረሻው ላይ :$ፓዝ ጨምሩበት።

### ዊንዶውስ

መጫኛው ፓዝን ራሱ ይጨምራል። ካልጨመረ፦

1. የስታርት ሜኑ ላይ ኢንቫይሮመንት ብላችሁ ፈልጉ። ለእናንተ መለያ የሚለውን ምረጡ፣ ለሲስተሙ የሚለውን አይደለም።

2. ላይኛው ሳጥን ውስጥ ፓዝን መርጣችሁ ኤዲት በሉ።

3. ኒው በሉና ይህን አስገቡ፦ ሲ:\ቴክስላይቭ\2025\ቢን\ዊንዶውስ። ከ2023 በፊት ባሉት እትሞች የመጨረሻው ፎልደር ዊን32 ነበር፤ የቆየ መመሪያ የምትከተሉ ከሆነ የምትሳሳቱት እዚህ ነው።

4. ሙቭ አፕ እያላችሁ ወደ ላይ አውጡት። የተከፈቱትን መስኮቶች ሁሉ በኦኬ ዝጉ። በኤክስ ከዘጋችሁት አልተቀመጠም።

5. የትእዛዝ መስኮቱንም ኤዲተሩንም ዝጉና እንደገና ክፈቱ። አንድ ፕሮግራም ፓዝን የሚያነበው ሲነሳ ብቻ ነው።

ሴትኤክስ በሚባለው ትእዛዝ ፓዝን አታርሙ። በአንድ መስመር ያልቃል እያሉ የሚመክሩ አሉ። ሴትኤክስ ከ1024 ሆሄ በላይ ያለውን ይቆርጠዋል። ፓዛችሁ ረጅም ከሆነ የመጨረሻዎቹ አድራሻዎች ይጠፋሉ፣ የጠፋውንም አታውቁትም።

አዲሱን ጨምራችሁ አሮጌው ከተነሳ ምክንያቱ ቅደም ተከተሉ ነው። ዊንዶውስ የሲስተሙን ፓዝ ያስቀድምና የእናንተን ከኋላው ይቀጥለዋል። አሮጌው ለሁሉም ተጠቃሚ ተብሎ ከተጫነ የእናንተ ምንም ወደ ላይ ቢወጣ አያሸንፈውም። አሮጌውን አጥፉት።

## ደረጃ 5፦ አረጋግጡ

በአዲስ መስኮት፦

ፒዲኤፍላቴክስ --ቨርዥን

የመጀመሪያው መስመር ላይ በቅንፍ ቴክስ ላይቭ 2025 የሚል ካለ ጨርሳችኋል። ከዓመቱ ጎን ዴቢያን የሚል ቃል ካያችሁ የተነሳው ከሊኑክሱ ማከማቻ የመጣው ነው፤ የፓዙን ቅደም ተከተል ተመልከቱ።

ፓዙ ትክክል ሆኖ አሮጌው ከተነሳ ባሽ ቀድሞ ያገኘውን አድራሻ አስታውሶ ሊሆን ይችላል። ሃሽ -አር በሉት፣ ይረሳዋል።

በተርሚናል እየሠራ፣ ወጥታችሁ ከገባችሁ በኋላም ኤዲተሩ እምቢ ካለ የኤዲተሩን ማስተካከያ ክፈቱ። ብዙዎቹ የትእዛዙን ሙሉ አድራሻ ራሳቸው ይይዛሉ። አሮጌ አድራሻ ተጽፎበት ከሆነ ፓዝ ምንም አይፈይድም።

ሱዶ ቲኤልኤምጂአር (የቴክስ ላይቭ ፓኬጅ መጫኛና ማደሻ) አልተገኘም ካለ ፓዛችሁ አልተበላሸም። ሱዶ ለደህንነት ሲባል የእናንተን ፓዝ ትቶ የራሱን ይይዛል። ደረጃ 3 ላይ ፎልደሩን የራሳችሁ ካደረጋችሁ ሱዶ አትጠቀሙ። ካላደረጋችሁ፦

ሱዶ ኢኤንቪ ፓዝ="$ፓዝ" ቲኤልኤምጂአር አፕዴት --ሴልፍ --ኦል

## ደረጃ 6፦ ላቴክስ የጎደለውን ፋይል እንዲያገኝ

ከዚህ ወዲያ ፓዝን እርሱት። ላቴክስ ፋይል የሚፈልገው በተዘጋጁ የፎልደር ዛፎች ውስጥ ነው። የሚያገኘውንና የማያገኘውን የምትጠይቁበት መሣሪያ ኬፒኤስኢዊች ይባላል፦

ኬፒኤስኢዊች አርቲክል.ሲኤልኤስ

ካገኘ ሙሉ አድራሻ ይሰጣል። ካላገኘ ምንም አይልም። ዝምታው መልስ ነው።

1. መጀመሪያ ፓኬጁ ቴክስ ላይቭ ውስጥ መኖሩን እዩ። ከኢንተርኔት በእጅ ከማውረዳችሁ በፊት፦

ቲኤልኤምጂአር ሰርች --ግሎባል --ፋይል ቲክዝ.ኤስቲዋይ

የፋይሉና የፓኬጁ ስም ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ቲክዝ.ኤስቲዋይ የሚገኘው ፒጂኤፍ በሚባለው ፓኬጅ ውስጥ ነው። ቲኤልኤምጂአር ኢንስቶል ቲክዝ ብሎ የሚደክም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትክክለኛውን ስም ስታገኙ በእሱ ጫኑ።

2. ከሌለ የግል ዛፋችሁን አግኙ።

ኬፒኤስኢዊች -ቫር-ቫልዩ=ቴክስኤምኤፍሆም

ሊኑክስና ዊንዶውስ ላይ በመነሻ ፎልደራችሁ ውስጥ ቴክስኤምኤፍ የሚባል ፎልደር ነው። ማክ ላይ ላይብረሪ ውስጥ ነው። ፎልደሩ ራሱ ላይኖር ይችላል፤ ፍጠሩት።

3. ውስጡን በሥርዓቱ አዘጋጁ። የስታይልና የክላስ ፋይሎች እዚህ ይገባሉ፦

ቴክስኤምኤፍ/ቴክስ/ላቴክስ/የኔስታይል/

የማጣቀሻ ዝርዝር የሚያዘጋጀው የቢብቴክስ ስታይል (.ቢኤስቲ) ደግሞ እዚህ፦

ቴክስኤምኤፍ/ቢብቴክስ/ቢኤስቲ/የኔስታይል/

ፋይሉን ቴክስኤምኤፍ ውስጥ እንደወረደ መጣል በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ላቴክስ የሚገባው ቴክስ ወደሚለው ንዑስ ፎልደር ነው። ውጭ ያለውን አያየውም።

4. በኬፒኤስኢዊች አረጋግጡ። ዝም ካለ የፋይሉን ስም በትልቅና በትንሽ ፊደል አመሳክሩ። የወረደው .ዲቲኤክስ እና .አይኤንኤስ ብቻ ከሆነ ደግሞ ስታይሉ ገና አልተፈጠረም። .አይኤንኤስ የሚለውን ፋይል በላቴክስ አስኪዱት፤ የሚያስፈልጋችሁን ያወጣላችኋል።

የግል ዛፉ በቀጥታ ከዲስክ ነው የሚታየው፣ ምንም ማውጫ ማደስ አያስፈልግም። ለሁሉም ተጠቃሚ ብላችሁ ከዓመቱ ፎልደር ጎን ባለው ቴክስኤምኤፍ-ሎካል ውስጥ ካስቀመጣችሁ ግን ላቴክስ ዲስኩን ሳይሆን የተዘጋጀ የፋይል ዝርዝር ነው የሚያየው። ፋይል በጨመራችሁ ቁጥር ቴክስሃሽ የሚለውን ትእዛዝ አስኪዱ። ካላስኬዳችሁት ፋይሉ በዓይናችሁ ፊት እያለ የለም ይላችኋል።

ካደሳችሁ በኋላ ሲሠራ የነበረ ሰነድ ከተበላሸ ድሮ በእጅ ያስቀመጣችሁት ቅጂ አዲሱን ሸፍኖት ይሆናል። የግል ዛፉ ቅድሚያ አለው። ኬፒኤስኢዊች -ኦል ብላችሁ የፋይሉን ስም ጻፉ። ሁለት አድራሻ ከወጣ የግሉን አንሱትና ሞክሩ።

## ደረጃ 7፦ ቴክስኢንፑትስ፣ ግድ ከሆነ ብቻ

ቴክስኢንፑትስ ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ ተጨማሪ ፎልደር ማሳያ ነው። ምስሎችንም ይመለከታል። በቋሚነት .ፕሮፋይል ላይ አትጻፉት። ከወራት በኋላ ሌላ ፕሮጀክት ላይ የማይገባ ፋይል እየሳበ ያስቸግራችኋል፣ እናንተም ረስታችሁታል።

ለአንድ ጊዜ እንዲህ ነው፦

ቴክስኢንፑትስ=.:./ስታይልስ//: ፒዲኤፍላቴክስ ጽሑፍ.ቴክስ

ስታይልስም ጽሑፍም የምሳሌ ስሞች ናቸው፤ በራሳችሁ ፎልደርና ፋይል ስም ተኳቸው። የመጀመሪያዋ ነጥብ ያላችሁበት ፎልደር ናት። // ማለት ውስጥ ያሉትን ንዑስ ፎልደሮችም ጨምረህ እይ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው ሁለት ነጥብ ደግሞ የተለመደውንም ቦታ ጨምር ትላለች።

አርቲክል.ሲኤልኤስ እንኳ ከጠፋ ያቺን የመጨረሻዋን ሁለት ነጥብ ትታችኋል። ያለ እሷ ላቴክስ የሚያየው የጻፋችሁለትን ብቻ ነው።

ዊንዶውስ ላይ መለያው «;» ነው። በሲኤምዲ፦

ሴት ቴክስኢንፑትስ=.;./ስታይልስ//;

እዚህ ላይ የጥቅስ ምልክት አታድርጉ፤ ሲኤምዲ ምልክቱን የእሴቱ አካል አድርጎ ይይዘዋል።

// ን መነሻ ፎልደራችሁ ላይ አታድርጉ። ያላችሁን ሁሉ ሲያስስ ይውላል፣ አንድ ገጽ ለማውጣት ቡና ጠጥታችሁ ትመለሳላችሁ።

የማጣቀሻ ፋይሎች በዚህ አይገኙም። ቢብቴክስ የ.ቢብ ፋይልን በቢብኢንፑትስ፣ የ.ቢኤስቲ ፋይልን በቢኤስቲኢንፑትስ ይፈልጋል። የአጻጻፍ ደንቡ ያው ነው።

## ደረጃ 8፦ ፎንት በስሙ ካልተገኘ

ዚላቴክስ (የሲስተሙን ፎንቶች መጠቀም የሚችል የላቴክስ ዓይነት) ፎንትን በስሙ ሲጠራ ሊኑክስ ላይ የሚጠይቀው ሲስተሙን ነው። ከቴክስ ላይቭ ጋር የመጡትን ፎንቶች ሲስተሙ አያውቃቸውም። ቴክስላይቭ-ፎንትኮንፊግ.ኮንፍ የሚባል ፋይል በ2025 ፎልደር ውስጥ ቴክስኤምኤፍ-ቫር/ፎንትስ/ኮንፍ ስር አለ። እሱን ወደ /ኢቲሲ/ፎንትስ/ኮንፍ.ዲ/ በ09-ቴክስላይቭ.ኮንፍ ስም ኮፒ አድርጉና ይህን አስኪዱ፦

ሱዶ ኤፍሲ-ካሽ -ኤፍኤስቪ

በሉዋላቴክስ ከሆነ አዲስ ፎንት ካስገባችሁ በኋላ ሉዋኦቲኤፍሎድ-ቱል -ዩ በሉት።

## ደረጃ 9፦ ዓመቱ ሲቀየር

አዲሱ እትም በራሱ ቁጥር አዲስ ፎልደር ውስጥ ይገባል። ፓዛችሁ ግን አሮጌውን ቁጥር ይዞ ይቀራል። አዲሱን ጭነው አሮጌውን ሲጠቀሙ የሚከርሙ ብዙ ናቸው። ሊኑክስ ላይ .ፕሮፋይል ገብታችሁ ቁጥሩን ቀይሩ፤ ዊንዶውስ ላይ በደረጃ 4 መንገድ አርሙት። ወጥታችሁ ግቡና በ--ቨርዥን አረጋግጡ።

በየዓመቱ ማረም ከሰለቻችሁ ከረንት የሚባል ሲምሊንክ ፍጠሩ፦

ኤልኤን -ኤስኤፍኤን /ዩኤስአር/ሎካል/ቴክስላይቭ/2025 /ዩኤስአር/ሎካል/ቴክስላይቭ/ከረንት

ፓዝ ላይ በ2025 ፋንታ ከረንት ጻፉ። በቀጣዩ ዓመት ይህችን ትእዛዝ በአዲሱ ቁጥር መድገም ብቻ ነው።

አሮጌውን ፎልደር የምታጠፉት አስፈላጊ ሰነዶቻችሁን በአዲሱ አስኪዳችሁ ካያችሁ በኋላ ነው። ስታጠፉ የዓመቱን ፎልደር ብቻ አጥፉ። ከጎኑ ያለው ቴክስኤምኤፍ-ሎካል የእናንተ ነው፤ አዲሱም ይጠቀምበታል። በመነሻ ፎልደራችሁ ያለውን ቴክስኤምኤፍም አትንኩት። .ቴክስላይቭ እና የድሮው ዓመት ቁጥር ያለበትን ድብቅ ፎልደር ግን ያለ ስጋት ማጥፋት ትችላላችሁ።